ላፕቶፕዎን ያሰረው ገመድ ምን ያህል ይታመናል?

ልጅዎ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት እንበል። ሻንጣው ተዘጋጅቷል፣ ብርድ ልብሱ ተገዝቷል፣ በሶውና ዳቦ ቆሎው ተቋጥሯል። ከሁሉም ኪስ የጎዳው ግን ላፕቶፑ ነው። መካከለኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ የበርካታ ወራት ደመወዝ ነው፤ ምናልባትም ዕቁብ ወጥቶ፣ አክስትና አጎት ተዋጥተው የተገዛ ነው። ሻጩ ይህን ሁሉ ከፊትዎ ያነብና «ለግቢ ከሆነ ይቺንም ይያዙላት» ብሎ በፕላስቲክ የተሸፈነ ቀጭን የብረት ገመድ ከነቁልፉ ያቀርብልዎታል። ይገዙታል። ወደ ቤትዎ ሲመለሱ ከጭንቀትዎ ግማሹ የቀለለ ይመስልዎታል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ገመድ ነው። አይረባም ልንልዎ አልተነሣንም። ምን እንደሚሰጥ አውቆ ለሚጠቀምበት ሰው ይረባል። ገመዱ የሚሰጠው ግን ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ነው። እነዚያ ደቂቃዎች ልጅዎን የሚጠቅሟት በዙሪያዋ የሚያይ ሰው ካለ ነው። ሰው ከሌለ ደግሞ የሚያድናት ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ሌላ ነገር ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከመሄዷ በፊት፣ እዚሁ ቤትዎ ሳሎን ውስጥ ሊያዘጋጁት ይችላሉ።

7 በ3 ሚሊ ሜትር የሆነች ቀዳዳ

ላፕቶፑን አንሥተው ጎንና ጎኑን ይመልከቱ። በብዙዎቹ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ጠባብ ቀዳዳ አለች። ብዙ ሰው የምን እንደሆነች ሳያውቅ ዓመታት ይጠቀማል። ኬንሲንግተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያስለመዳት የቁልፍ ማስገቢያ ናት። የገመዱ ጫፍ ላይ ያለው ቁልፍ እንደ መዶሻ ራስ ያለ ትንሽ ብረት አለው። ብረቱ በቀዳዳዋ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ቁልፉ ሲቆለፍ ውስጥ ላይ ይዞርና አግድም ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በመጣበት መንገድ መውጣት አይችልም። የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ቀለበት ነው። በጠረጴዛ እግር ወይም በአልጋ ብረት ዙሪያ ይጠመጠማል፣ ቁልፉ በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ይሰካል።

ገመዱን ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ። ላፕቶፖች እየሳሱ በመጡ ቁጥር ይህቺ ቀዳዳ እየጠፋች ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ስስ የማክቡክ ኤር ላፕቶፕ ከመጀመሪያውም አልነበራትም። ሌሎች አምራቾች ደግሞ ትናንሽና ቅርጻቸው የተለየ ቀዳዳዎችን ይጠቀማሉ፤ የተለመደው ገመድ አይገጥምላቸውም። ላፕቶፑን ሳይዙ ገመድ መግዛት እግርን ሳይለኩ ጫማ እንደመግዛት ነው።

የሚበጠሰው የት ነው?

ማሰሪያ ሁሉ የሚበጠሰው በደካማው ቦታ ነው። የላፕቶፕ ገመድ ደግሞ ደካማ ቦታው አንድ አይደለም። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ገመዱ የታሰረበት ነገር ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደውን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተው ዶርዜ ቢደርሱ፣ ከቀርከሃ የተሸመኑትን ረጃጅም ቤቶች ያያሉ። ከፊት ሲታዩ የዝሆን ራስ ይመስላሉ። እነዚህ ቤቶች አንድ የሚያስገርም ጠባይ አላቸው፤ ከሥራቸው ምስጥ ሲበላቸው ወይም ባለቤቱ ቦታ ሲቀይር፣ ቤቱ እንዳለ በሰው ጉልበት ተነሥቶ ይዛወራል። ቤት እንኳ ይነሣል ማለት ነው። ልዩነቱ ቤቱን ለማንሣት ጎረቤቱ ሁሉ መጠራት አለበት። የልጅዎን የማጥኛ ጠረጴዛ ለማንሣት ግን አንድ ሰው፣ ያውም በአንድ እጁ ይበቃል። ገመዱ በጠረጴዛ እግር ላይ ከተጠመጠመ ሌባው ቁልፉን መንካት አያስፈልገውም። ጠረጴዛውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ቀለበቱን በእግሩ ሥር ማውጣት ነው። ወንበርም ያው ነው። በማደሪያ ክፍል ውስጥ ከሁሉም የሚሻለው የተበየደ ብረት ያለው ተደራራቢ አልጋ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀለበቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ተንሸራትቶ በማይወጣበት፣ ሁለት ብረቶች በተበየዱበት መጋጠሚያ ላይ ሲታሰር ብቻ።

ሁለተኛው ገመዱ ራሱ ነው። ውስጡ የተገመዱ ቀጫጭን የብረት ክሮች ናቸው፤ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእርሳስ አይበልጥም። በተራ ፒንሳ ለመቁረጥ ያስቸግራል፤ ይህ ጥሩ ነው፣ ኪሱ ውስጥ ምንም ሳይዝ የመጣውን ሰው ያቆመዋል። ነገር ግን ግንባታ በሚካሄድበት ከተማ ሁሉ ፌሮ መቁረጫ አለ። የግንባታ ብረት የሚቆርጥ መሣሪያ ይህን ገመድ ከሴኮንዶች በላይ አይታገለውም።

ሦስተኛው ቁልፉ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተመሥርቶ፣ በ1996 ዓ.ም ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2004፣ የዓለም ቁልፍ አምራቾች ታላቅ ኀፍረት ገጠማቸው። ክሪፕቶናይት የተባለው ታዋቂ ድርጅት የሚሸጣቸው ውድ የብስክሌት ቁልፎች በተራ የቢክ እስክሪብቶ ቀፎ እንደሚከፈቱ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ተሰራጩ። የቁልፎቹ ቀዳዳ ክብ ነበር፤ የእስክሪብቶው ለስላሳ ፕላስቲክ በውስጡ ያሉትን ትናንሽ ፒኖች ቅርጽ ይይዝ ነበር። ድርጅቱ ቁልፎቹን በነፃ ለመቀየር ተገደደ። በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ክብ ቀዳዳ ያላቸው የላፕቶፕ ቁልፎችም በተጠቀለለ ካርቶን ሊከፈቱ እንደሚችሉ ታየ። ከዚያ ወዲህ ስመ ጥር አምራቾች ዲዛይናቸውን አሻሽለዋል። በርካሽ የሚሸጡት አስመስሎ የተሠሩ ቁልፎች ሁሉ ግን ተሻሽለዋል ማለት አይደለም።

«እኛስ ባለ ቁጥሩን ነው የገዛነው» ሊሉ ይችላሉ። ባለ አራት ቁጥር ቁልፍ 10,000 አማራጮች አሉት። እያንዳንዱን በ2 ሴኮንድ የሚሞክር ሰው ሁሉንም ለመጨረስ ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ጥሩ ይመስላል። ችግሩ ሌባው ከ0000 አለመጀመሩ ነው። የሰው ልጅ ቁጥር ሲመርጥ የልደት ዓመቱን ይመርጣል። በ2018 ዓ.ም ግቢ የገባ ወጣት በአብዛኛው የተወለደው ከ1997 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ውስጥ ነው። አምስት ሙከራ ማለት ነው፤ ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ ሥራ። ሌላው ልማድ ደግሞ ሲቆልፉ አንዱን ቁጥር ብቻ ትንሽ አዙሮ መተው ነው፤ እንዲህ ያለውን ቁልፍ ከፋቹ አንዱን ተሽከርካሪ ወደፊትና ወደኋላ እያለ ያገኘዋል። ከዚህም በላይ በርካሾቹ ቁልፎች ላይ ገመዱን ወጠር አድርጎ ቁጥሮቹን ቀስ ብሎ ለሚያዞር ሰው፣ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጣቱ ላይ ይሰማዋል።

አራተኛው የላፕቶፑ አካል ነው። ቀዳዳዋ የተበጀችው አብዛኛውን ጊዜ በፕላስቲክ ወይም በስስ አሉሚኒየም ውስጥ ነው። ከላይ ያሉት ሁሉ ጠንካራ ቢሆኑ እንኳ ላፕቶፑን በኃይል የጠመዘዘው ሰው ጥጉን ሰብሮ ሊያላቅቀው ይችላል። ጥጉ የተሰበረ ላፕቶፕ ደግሞ ይሠራል፤ ዋጋው ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ይሸጣል። ይህቺን ነጥብ በአእምሮዎ ይያዟት፤ ወደ መጨረሻው ላይ እንመለስባታለን።

አምስተኛው ከሁሉ የበለጠው ነው፤ የሰው ልማድ። ገመዱ በመጀመሪያው ሳምንት በጥንቃቄ ይታሰራል። በሁለተኛው ሳምንት ማታ ማታ ብቻ ይታሰራል። በወሩ ቦርሳ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። «ሻይ ጠጥቼ ልምጣ»፣ «ስልክ አናግሬ ልመለስ»፣ «ለአምስት ደቂቃ ነው»። ሌባ የሚፈልገው እነዚያኑ አምስት ደቂቃዎች ነው። ያልተቆለፈ ቁልፍ በደካማነቱ ተወዳዳሪ የለውም።

ፍርግርጉ የሚያቆመው ማንን ነው?

አርባ ምንጭ ሞቃት ከተማ ናት። ከዳገቱ ላይ ያለችው ሴቻ ትንሽ ነፈስ ሲላት፣ ከታች ሜዳው ላይ ያለችው ሲቀላ ሙቀቷ ይብሳል። እናም በግቢ ማደሪያም ሆነ በከተማ ኪራይ ቤት መስኮት ክፍት ሆኖ ይዋላል፣ ይታደራል። «ፍርግርግ አለው እኮ!» እንላለን።

ሜትር ይዘው የቤትዎን የመስኮት ፍርግርግ ይለኩት። በብረቶቹ መካከል አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ማግኘትዎ የተለመደ ነው። ይህ ክፍተት ሰውን ያቆማል። የተዘጋ ላፕቶፕ ግን ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በጎኑ ቀና ካለ በዚያ ክፍተት እንደ ደብዳቤ ያልፋል። ፍርግርጉ የተሠራው ቴሌቪዥን ትልቅ ሣጥን በነበረበት ዘመን ሐሳብ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ በክንድ ወይም በዘንግ ከሚደረስበት መስኮት አጠገብ አይቀመጥ። ገመዱ እዚህ ጋ ይጠቅማል፤ ከውጭ ቆሞ እጁን የሰደደ ሰው ቁልፍ ለመፍታትም ጥግ ለመስበርም አይመቸውም። ይህ ምክር ለልጅዎ ብቻ አይደለም፤ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ለሚኖሩትም፣ ቪላ ቤት ላላቸውም ይሠራል።

ደቂቃዋን ዋጋ የሚሰጣት ሰው ነው

አሁን ወደ ጥቅሙ እንምጣ። አንድ ሌባ ያልታሰረ ላፕቶፕ ለማንሣት ሦስት ሴኮንድ ይበቃዋል። አንሥቶ፣ ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ተረጋግቶ መሄድ ነው፤ ማንም የራሱ እንዳልሆነ አያውቅም። የታሰረውን ለመውሰድ ግን መታገል፣ መቁረጥ ወይም መስበር አለበት። ይህ ድምፅ አለው፣ መልክም አለው። ሰው ባለበት ቤተ መጻሕፍት፣ ሥራ ቦታ ወይም ካፌ ውስጥ ገመድ የያዘውን ላፕቶፕ ትቶ ያልታሰረውን ይመርጣል። ገመዱ በትክክል የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። ሌባውን በሰው ፊት እንዲታገል ያስገድደዋል።

ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ግን ታሪኩ ይገለበጣል። ሁሉም ለዕረፍት ወጥቶ ማደሪያው ጭር ሲል፣ ቤተሰቡ ሁሉ ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ሲወጣ፣ ቢሮው ቅዳሜና እሑድ ሲዘጋ፣ ሌባው ጊዜ አለው። ጊዜ ያለው ሰው ፊት ገመድ ምንም አይደለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ላፕቶፑ ታስሮ ከሚቀመጥ አብሮ ቢሄድ ወይም በማይታይ ቦታ፣ በተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል። ያላየውን የሚሰርቅ የለም።

የጋሞ ደጋማ ማኅበረሰብ ይህን ነገር ከላፕቶፕ በፊት ያውቀዋል። ከቀርከሃ የተሸመነ ግድግዳ በቢላ ይቀደዳል። ቤቱ ተከብሮ የኖረው በግድግዳው ጥንካሬ ብቻ አልነበረም። ሰው ጉዳዩን በአደባባይ የሚነጋገርበት ዱቡሻ ነበር፤ ክልክል የሆነውን መጣስ በጣሹም በማኅበረሰቡም ላይ መዓት ያመጣል የሚለው የጎሜ እምነት ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያይና «ይህ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት ነበር።

ግቢ ውስጥ ግን ከመቀሌ፣ ከጂማ፣ ከሐረርና ከጎንደር የመጡ፣ ትናንት የማይተዋወቁ ወጣቶች በአንድ ክፍል ይገናኛሉ። ያ ጎረቤትነት በራሱ አይመጣም፤ መሥራት ያስፈልጋል። ልጅዎ በመጀመሪያው ሳምንት ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ሦስት ነገሮች ላይ ብትስማማ ከማንኛውም ገመድ ይበልጣል። አንደኛ፣ መጨረሻ የሚወጣ ሰው በሩን ይቆልፋል፤ ለመታጠብ ቢሆንም። ሁለተኛ፣ የማንንም ላፕቶፕ ባለቤቱ ራሱ በስልክ ሳይናገር ለመጣ ሰው አይሰጥም፤ «ልካኝ ነው» የሚለው ቃል አይበቃም። ሦስተኛ፣ የማይታወቅ ሰው ክፍል ውስጥ ከታየ «ማንን ፈልገህ ነው?» መባል አለበት፤ ይህ ጥያቄ ነውር አይደለም። ጨዋ ሰው በጥያቄው አይከፋም፤ ሌባም በጥያቄው አይቆይም።

ሌላም የማናስተውለው ቁልፍ አለ። በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ተቋማት በር ላይ ላፕቶፕ ይዘው ሲገቡ ጥበቃው መለያ ቁጥሩን ይመዘግባል፣ ሲወጡም ያመሳክራል። ሰልፉ ስለሚያሰለች እናማርራለን። ነገር ግን ያ ደብተር ከገመዱ የበለጠ ሥራ ይሠራል፤ ሌባው ላፕቶፑን ካነሣ በኋላም ገና በር ይጠብቀዋል። ልጅዎ እንዲህ ያለ ምዝገባ ባለበት በር ላይ ላፕቶፗን በስሟ ከማስመዝገብ አትሸሽ።

ገመዱ ፈጽሞ የማያስረው ነገር

አሁን የከፋውን እናስብ። የመመረቂያ ጽሑፍ ሊቀርብ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ልጅዎ ከቁርስ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ የተቆረጠ ገመድ ብቻ አለ። የሚያስለቅሳት የላፕቶፑ ዋጋ ይመስልዎታል? ከኩልፎ ወንዝ የሰበሰበችው የውሃ ናሙና ውጤት፣ የአራት ወር መጠይቅ፣ ሰባት ጊዜ የታረመው ምዕራፍ ሦስት ነው የሄደው። ላፕቶፕ በብድርም ቢሆን ይተካል። ያ ግን አይገዛም።

ከሁሉ በፊት መደረግ ያለበት ስለዚህ ቅጂ ነው። ሥራዋ ሁልጊዜ ቢያንስ በሦስት ቦታ ይኑር፤ ላፕቶፑ ላይ፣ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ፣ እንዲሁም በኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ፣ ለምሳሌ በጉግል ድራይቭ። ኢንተርኔቱ ከደከመ ሙሉውን ሳይሆን የዕለቱን ጽሑፍ ብቻ ወደ ራሷ ኢሜይል ብትልክ ይበቃል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሃርድ ዲስኩ ላፕቶፕ ቦርሳው ውስጥ አይቀመጥ። ቦርሳው ሲሄድ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። በአውቶቡስ ስትጓዝ ላፕቶፑ እግሯ መካከል፣ ሃርድ ዲስኩ በሌላ ሻንጣ ይሁን፤ ለምሳ ሲወረድም ላፕቶፑ አብሮ ይውረድ።

ሁለተኛው ምስጢር ነው። የልጅዎ ላፕቶፕ ላይ የፋይዳ መታወቂያዋ ቅጂ፣ የትምህርት ማስረጃዎቿ፣ የቤተሰብ ፎቶዎች፣ ሳይዘጋ የተተወ ቴሌግራም አለ። የእርስዎ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ የሥራ ሰነድ፣ የባንክ መረጃ፣ የደንበኞች ዝርዝር አለ። «የይለፍ ቃል አለው» ማለት ብቻ በቂ አይደለም። ዲስኩ ካልተመሰጠረ፣ የዊንዶውስ መግቢያ የይለፍ ቃል የሳሎን በር እንጂ የካዝና በር አይደለም። ላፕቶፑ ከሥሩ በትንሽ ካቻቢቴ ይከፈታል፤ በብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ መረጃው ሁሉ የሚቀመጠው 22 ሚሊ ሜትር ስፋትና 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባላት፣ እንደ ማስቲካ በሳሳች ቁራጭ ላይ ነው። እሷን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ይቻላል። ልብ ይበሉ፤ መረጃውን ብቻ የፈለገ ሰው ላፕቶፑን በገመዱ እንደታሰረ ትቶት ሊሄድ ይችላል።

ይህ ምን ያህል ውድ እንደሚሆን አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 ተምረዋል። ከአንድ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ መኖሪያ ቤት ላፕቶፕና ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ተሰረቀ። ተራ የቤት ሌብነት ነበር። በውስጡ ግን የ26.5 ሚሊዮን ሰዎች የግል መረጃ፣ ሳይመሰጠር፣ ተቀምጦ ነበር። ዕቃው በሚቀጥለው ወር ተገኘ፤ ቢሆንም መንግሥት በ2009 የቀረበበትን ክስ ለመቋጨት 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የላፕቶፑ ዋጋ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይታይም።

መፍትሔው ዲስኩን ኢንክሪፕት ማድረግ፣ ማለትም በላዩ ያለውን ሁሉ ያለ ቁልፉ ሊነበብ ወደማይችል ዝብርቅርቅ መለወጥ ነው። በዊንዶውስ ላይ ይህ ቢትሎከር ይባላል፤ በአንዳንድ የዊንዶውስ ዓይነቶች «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» በሚል ስም ይገኛል። በማክ ላይ ፋይልቮልት ይባላል። ሁለቱም ከሌሉ ቬራክሪፕት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዊንዶውስ የሚጭንልዎትን ባለሙያ «ኢንክሪፕሽኑ በርቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁት፤ ካልበራ ያብራልዎት። ከዚህ በኋላ ሌባው እጅ የሚገባው ፕላስቲክና ብረት ብቻ ነው።

ቢትሎከር ሲበራ 48 አኃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ይሰጣል። እሱ ከጠፋና ኮምፒውተሩ ከጠየቀ፣ ባለቤቱም ራሱ ከውጭ ይቀራል። ስለዚህ ቁጥሩን በወረቀት ያትሙትና የቤት ካርታና የልደት ምስክር ወረቀት በሚያስቀምጡበት ፋይል ውስጥ ያስቀምጡት። ላፕቶፕ ቦርሳው ኪስ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ።

ከመሳፈሯ በፊት፣ አንድ ምሽት

ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት፣ ቡና እየተፈላ፣ አብረው መጨረስ ይችላሉ።

የላፕቶፑን መለያ ቁጥር ከጀርባው ላይ አንብበው በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። ደረሰኙንና ካርቶኑን አይጣሉ፤ ቤት ይቅሩ። ኢንክሪፕሽኑን ያብሩ፣ የማስመለሻ ቁልፉን ያትሙ። መገኛ ፈላጊውን ያብሩ፤ በዊንዶውስም በአፕልም «ላፕቶፔ የት ነው?» የሚል አገልግሎት አለ፤ የሚሠራው ግን ቀድሞ ከበራ ነው። የቁጥር ቁልፍ ከሆነ ከልደት ዓመትና ከስልክ ቁጥር ጋር የማይገናኝ ቁጥር ይምረጡ፤ ሲቆልፉም አራቱንም ማዞር ይልመዱ። ባለ መክፈቻ ከሆነ አንዱ መክፈቻ ከእርስዎ ጋር ይቅር። በመጨረሻም ገመዱን ከሳሎንዎ ጠረጴዛ ጋር ያስሩትና ልጅዎ ራሷ «ሌባ ብሆን እንዴት እወስደዋለሁ?» ብላ ታስብበት። ጠረጴዛውን ከፍ ስታደርገው ራሷ ትስቃለች፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነግራት የአልጋውን መጋጠሚያ ትፈልጋለች።

ከደረሰስ? የመጀመሪያው ሰዓት

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ከሩጫና ከለቅሶ በፊት ስልኳን ታንሣ። ቴሌግራም ላይ ወደ ማስተካከያው ገብታ «ዲቫይስስ» በሚለው ሥር የላፕቶፑን ግንኙነት ታቋርጥ። የኢሜይሏን የይለፍ ቃል ትቀይር፤ በኢሜይል በኩል ሌላው ሁሉ ይከፈታልና። በላፕቶፑ ላይ የባንክ አገልግሎት ትጠቀም ከነበረ ለባንኩ ትደውል። መገኛ ፈላጊውን ትክፈት፤ ቦታ ቢያሳያትም ብቻዋን አትሂድ። ከዚያ መለያ ቁጥሩንና ደረሰኙን ይዛ ለግቢው ጥበቃና ለፖሊስ ታመልክት። «ጥቁር ላፕቶፕ ነው» ከሚል አቤቱታና መለያ ቁጥር ከያዘ አቤቱታ የትኛው ፍሬ እንደሚያፈራ ግልጽ ነው። በዚያው ቀን ቁጥሩን በአካባቢው ላሉ የጥገናና ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ሱቆች ማድረስም ይጠቅማል፤ የተሰረቀ ላፕቶፕ ፈጥኖ ወደ እነሱ ሊመጣ ይችላል።

ቅድም በአእምሮዎ ይያዟት ያልነው ነጥብ እዚህ ጋ ይመጣል። እርስዎ ራስዎ ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ የቁልፍ ቀዳዳዋ ያለችበትን ጥግ ይመልከቱ። የተሰነጠቀ፣ የተላጠ ወይም የተጠመዘዘ ከሆነ፣ መለያ ቁጥሩም ከተፋቀ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተዉት። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ የሌላ ሰው የተሰረቀ ንብረት መሆኑን እያወቀ የሚገዛውን ሰውም ይቀጣል። ከሕጉ በላይ ደግሞ፣ የዚያ ላፕቶፕ ባለቤት አንድ ቦታ ተቀምጣ ምዕራፍ ሦስትን ከሥሩ እየጻፈች ሊሆን ይችላል። ገዢ ያጣ ዕቃ ሰራቂም ያጣል።

እንግዲህ ገመዱን ይግዙላት፤ ትውሰደው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ፣ ሰው ባለበት ሁሉ ትሰረው። ነገር ግን ልጅዎን አሳፍረው ሲመለሱ ልብዎን የሚያሳርፈው ገመዱ አይሁን። ሥራዋ በሦስት ቦታ መኖሩ፣ ባለ 48 አኃዙ ወረቀት የቤት ፋይልዎ ውስጥ መቀመጡ፣ ክፍሏ ውስጥ «ማንን ፈልገህ ነው?» የሚሉ ጓደኞች ማግኘቷ ያሳርፍዎት። ያኔ የከፋው ቢደርስ እንኳ ማታ የሚደወልልዎ ስልክ «ላፕቶፔ ተሰረቀ» ይል ይሆናል። «ሁሉም ነገር ጠፋ» ግን አይልም።